ሐውልት ያልቆመበት አገር የሕንፃ ታሪክ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጊዜ የተነበበ ንግግር)




ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ አጭር ነው። የሕንፃ ታሪክ ለምን እንማራለን? ያለፈው ዘመን የቤት አሠራርስ ዛሬ ቤት ለሚያስፈልገው ሰው ምን ይጠቅመዋል? ይኸ ጥያቄ በአክሱም ወይም በጎንደር ቢነሣ መልሱ ከደጃፍ ላይ ቆሞ ይታያል። እኛ ግን የምንናገረው በጂንካ ነው። እዚህ የቆመ ሐውልት፥ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን፥ ግንብ የዞረው ቤተ መንግሥት የለም። ስለዚህ፥ «በደቡብ ኦሞ ምን የሕንፃ ታሪክ አለና ታጠናላችሁ?» የሚል ሰው ቢገኝ አያስደንቅም። ጠያቂው ንቀት የለበትም፤ የተማረውን ትምህርት ነው የሚደግመው። እኛም ልንመልስለት የምንሞክረው በዚያው ትምህርት ተነሥተን ነው።

በመጽሐፍና በመማሪያ ክፍል የለመድነው የአገራችን የሕንፃ ታሪክ ከአክሱም ይነሣል፤ በላሊበላ አልፎ በጎንደር ግንቦች ያበቃል። ይኸ ታላቅ መንገድ ስለሆነ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን አክሱምን አስተውለን ካየነው አንድ ያልጠበቅነውን ነገር ይነግረናል። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች የወሰዱት፥ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰውና በ2000 ዓ.ም. እንደገና በቦታው የቆመው ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ሁሉ ቁመት ላይ የተቀረጸው ምንድን ነው? የንጉሥ መልክ ነው? የጦርነት ታሪክ ነው? አይደለም። የተቀረጸው ቤት ነው። በር አለው፤ መስኮት አለው፤ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደርቧል። በየፎቁ መካከልም በተለምዶ የዝንጀሮ ራስ የምንለው ክብ የእንጨት ጫፍ ተሰልፎ ይታያል።

ይኸ የእንጨት ጫፍ በድንጋዩ ላይ ምንም ሥራ የለውም። የሚሸከመው ወለል፥ የሚይዘው ግድግዳ የለም። የተቀረጸበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ዘመን ቤት በድንጋይና በእንጨት ሲሠራ አግዳሚው እንጨት ከግድግዳው ውጭ ብቅ ይል ስለ ነበረ ነው። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን እውነተኛው እንጨት እስከ ዛሬ በግድግዳው ውስጥ ሥራውን ሲሠራ ይታያል። በላሊበላ ቤተ አማኑኤልን የፈለፈሉት ጠቢባንም በእጃቸው ያለው አንድ ወጥ አለት ሆኖ ሳለ፥ ግድግዳውን ድንጋይና እንጨት ተደራርበው የተገነባ አስመሰሉት። እንግዲህ በጣም የምንኮራበት ድንጋያችን የሚመሰክረው ሰዎች በእጃቸው ስለ ሠሩት፥ እንጨቱም ከጊዜ በኋላ ስለ ጠፋ ቤት ነው። ድንጋዩ ቀረ፤ ቤቱ ሄደ። የሕንፃ ታሪክ ማለት የቀረውን መቁጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ አክሱምን ራሱን በትክክል አናነበውም ነበር።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ይኸ ነው፤ ሕንፃን ስናጠና፥ «ስንት ዓመት ቆመ?» ከማለት በፊት፥ «ማን ሠራው? በምን ሠራው? ለምን እንዲህ አድርጎ ሠራው?» ብለን መጠየቅ አለብን። በዚህ ጥያቄ ከተነሣን ደቡብ ኦሞ ባዶ አገር አይሆንብንም።

በሌላውም ዓለም ይኸን ነገር ለመረዳት ጊዜ ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 በርናርድ ሩዶፍስኪ የተባለ አርክቴክት በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም «ሥነ ሕንፃ ያለ አርክቴክት» የሚል ኤግዚቢሽን አሳየ። ያሳየውም ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች በየአገሩ የሠሩትን ቤትና መንደር ነበረ። በአገራችንም ዘመናዊ የሕንፃ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም በአዲስ አበባ በተመሠረተበት ዘመን ነው፤ ዕድሜው ከሰባ ዓመት ብዙም አይርቅም። ከዚያ በፊት ሕዝቡ ቤት አልባ አልነበረም። ዛሬም ቢሆን አብዛኛው የገጠር ሰው የሚያድረው ማንም መሐንዲስ ፕላን ባላነሣለት ቤት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ደቡብ ኦሞ እንመለስ። ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚወርድ ሰው ኦሞራቴ ሲደርስ ከፍታው ወደ 400 ሜትር ዝቅ ይላል። በዚህ ቁልቁለት ላይ አየሩ፥ ዛፉ፥ ከብቱ፥ እህሉ ይለወጣል፤ ቤቱም አብሮ ይለወጣል። ሦስቱን ብቻ እንመልከት።

የመጀመሪያው በጂንካ ዙሪያ ያለው የአሪ ገበሬ ቤት ነው። ደጋውና ወይና ደጋው ዝናብ አለው፤ ገበሬውም ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ ቤቱ ክብ ሆኖ፥ በእንጨትና በጭቃ ተመርጎ፥ በሣር ተከድኖ፥ በእንሰት ጓሮ መካከል ይቆማል። የአሪ ሴቶች በግድግዳው ላይ በአመድና በቀለም አፈር የሚሥሉት ሥዕል ደግሞ ለቤቱ የራሱን ገጽ ይሰጠዋል። ዝናብ ያጥበዋል፤ እንደገና ይሣላል። እንደ ሸራ ሥዕል ተጠብቆ አይቆይም፤ ግን አሣሣሉ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ሁለተኛው የሐመር ቤት ነው። አገሩ ቆላ ነው። ግድግዳው ቀጥ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ስለሆነ ነፋስ በመካከሉ ያልፋል፤ ክዳኑ ሾጣጣ የሣር ክዳን ነው። በውስጥ ቆጥ አለ፤ እህል ከዚያ ላይ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ምድጃ ይነዳል። ጢሱ ለማያውቅ ሰው ችግር ይመስለዋል፤ ግን ያ ጢስ እህሉን ከነቀዝ፥ ክዳኑንም ከተባይ ይጠብቃል። እንግዲህ አንዱ ምድጃ ምግብ ያበስላል፥ እህል ይጠብቃል፥ ቤቱን ያቆያል። አንድ ነገር ሦስት ሥራ እንዲሠራ ማድረግ በማንኛውም የሕንፃ ትምህርት ቤት የሚመሰገን ብልሃት ነው።

ሦስተኛው የዳሰነች ቤት ነው። ይኸ ቤት ከሁሉም ይልቅ ሊያስተምረን ይችላል ብለን እናምናለን። ለስላሳ እንጨት ጎብጦ ይታሰርና እንደ ድፍ ቅርጫት ይቆማል፤ በላዩ ቆዳና ሰሌን፥ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ቆርቆሮ ይለብሳል። የምትሠራው ሴት ናት። መንደሩ ሲነሣ የምታፈርሰውም፥ በአዲሱ ቦታ መልሳ የምታቆመውም እርሷ ናት። አላፊ አግዳሚው ይኸን አይቶ፥ «ሰዎቹ ገና ቋሚ ቤት መሥራት አልተማሩም» ይላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ኦሞ የሚንቀሳቀስ ወንዝ ነው። ይሞላል፤ ይጎድላል፤ ዳርቻውን ይለውጣል። ከብቱ ሣር ይከተላል፤ ማሽላው የሚዘራው ጎርፉ ከሸሸ በኋላ በቀረው እርጥብ አፈር ላይ ነበረ። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ወንዙ በድንገት ሞልቶ ከ360 በላይ የዳሰነች ሰዎች አልቀዋል። የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ጎርፉ እንደ ቀድሞው ጊዜውን ጠብቆ አይመጣም፤ በቅርብ ዓመታትም የሐይቁና የወንዙ ውኃ ተነሥቶ ብዙ ሺሕ ሰው ከመንደሩ አፈናቅሏል። በእንደዚህ ያለ ምድር ላይ የማይነሣ ቤት መሥራት ነው ብልህነት? ወይስ የሚነሣ?

ጎረቤቶቻችንንም እንይ። ከአርባ ምንጭ በላይ በጨንቻ ተራራ የሚኖሩት ዶርዜዎች ቤታቸውን ከቀርከሃ እንደ ሙዳይ ሸምነው ከፍ አድርገው ያቆሙታል። ምስጥ ከሥር መብላቱ አይቀርም። ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱም ዝቅ ይላል። አስፈላጊ ሲሆን ሰዎች ተሰብስበው አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል። ስለዚህ የቤቱ ዕድሜ በቁመቱ ይታወቃል፤ አዲሱ ረጅም፥ አሮጌው አጭር ነው። ኮንሶዎች በበኩላቸው የድንጋይ እርከንና በድንጋይ የታጠረ ከተማ አላቸው፤ በየከተማቸውም የትውልድን ማለፍ የሚያመለክት ድንጋይ ያቆማሉ። ይኸ ሥራ 21 ትውልድ፥ ከ400 ዓመት በላይ እንደ ተቆጠረለት ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የኮንሶን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ገልጿል። አንዱ ታሪኩን በድንጋይ ይጽፋል፤ አንዱ በቁመት፤ አንዱ በልጁ እጅ።

ዩኔስኮን ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ አክሱም በተመዘገበበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። የተመዘገበው ግን በአፈሩ ውስጥ ስለ ተገኘው የጥንት ሰው አጥንትና የድንጋይ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኪቢሽ የተገኘው የሰው አጥንት እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት ቢያንስ 230,000 ዓመት እንዳለው ተገምቷል። ይኸ ለዓለም ሁሉ ክብር ነው። ሆኖም ከአፈሩ በታች ያለው አጥንት ሲከበር፥ ከአፈሩ በላይ ያለው ቤት የሚያየው አጣ። የአገራችንም የቅርስ ሕግ ቅርስን የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ብሎ ይከፍላል። ሕንፃ የማይንቀሳቀስ ነው፤ ዕቃ የሚንቀሳቀስ ነው። የዳሰነቿ ሴት ቤት ታዲያ ከየትኛው ወገን ነው? ቤት ነው፤ ይንቀሳቀሳልም። እንጨቱ በየጊዜው ይለወጣል፤ ቆዳው ይለወጣል፤ የማይለወጠው ዕውቀቱ ነው። ስለዚህ በደቡብ ኦሞ የሕንፃው ታሪክ ያለው በአሠራሩ ውስጥ ነው። መዝገቡም የምትሠራው ሴት እጅ ነው። አንዲት እናት ሳታስተምር ብታልፍ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት መቃጠል የማይተናነስ ጉዳት ይደርሳል፤ ጢሱ ስለማይታይ ግን የሚጮኽ የለም።

እዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱም ከባልንጀሮቻችን አፍ የሚሰሙ ናቸውና ሳንመልስ አናልፍም።

የመጀመሪያው፥ «እናንተ በከተማ በቆርቆሮ ሥር እያደራችሁ ሕዝቡ በሣር ጎጆ እንዲቀር ትፈልጋላችሁ?» የሚል ነው። አንፈልግም። ትምህርት ቤት፥ ጤና ጣቢያ፥ ንጹሕ ውኃ፥ መብራት ለሁሉም ይገባል። ያለፈውን ማጥናት ያለፈውን ማሰር አይደለም። ይኸንንም ያስተማሩን የዳሰነች ሴቶች ራሳቸው ናቸው። ቆርቆሮ ወደ አገራቸው ሲደርስ አልሸሹትም፤ ወስደው በጎበጠው እንጨታቸው ላይ አለበሱት። አዲሱን ዕቃ ተቀበሉ፤ የቤታቸውን ጠባይ ግን አልጣሉም። መርጠው ወሰዱ። እኛ የተማርነው ግን ብዙ ጊዜ ሳንመርጥ እንወስዳለን። በኦሞራቴ ሐሩር በቆርቆሮ ክዳን ሥር፥ ነፋስ በማያስገባ የሲሚንቶ ግድግዳ መካከል በቀትር የተቀመጠ ሰው፥ የሐመር ቤት ግድግዳ ለምን ክፍተት እንዳለው ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው እንዳይሆንብን ነው የምንፈራው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። «ያለፈው ዘመን ሁሉ መልካም ነበረን?» ይላል። አልነበረም። የጂንካን የራሷን ታሪክ እንውሰድ። የአስተዳደሩ መቀመጫ አስቀድሞ ባኮ ነበረች፤ አገሩም በኋላ በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ይባል ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሠራዊቱ ከገባ በኋላ የአሪ ገበሬ ገባር ሆነ። በገባር ሥርዓት ግብር መክፈል ብቻ አልነበረም፤ ለጌታው ቤት መሥራትና አጥር ማጠርም ግዴታ ነበረ። እንግዲህ ስለ አንድ አሮጌ የሹም ቤት ስንናገር ስለ ምሰሶው ውበት ብቻ ተናግረን ብንቆም ታሪክ አላጠናንም፤ ምሰሶውን የተሸከመውንም ትከሻ ልንቆጥር ይገባል። ጂንካም መሀሏን ለሣር የአውሮፕላን ሜዳ ሰጥታ ያደገች ከተማ ናት። ቤቶቿ በሜዳው ዙሪያ የተደረደሩበትን ምክንያት የማያውቅ ሰው፥ አዲሱ የአውሮፕላን ማረፊያ ከተሠራ በኋላ በአሮጌው ሜዳ ላይ ምን ይሠራ የሚለውን ጥያቄ በምን ሚዛን ይመልሳል? ታሪክ የምንማረው ለማወደስ ብቻ አይደለም፤ ለመመዘን ነው።

ይኸ ሁሉ የወረቀት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድን ነበር። ግን በደቡብ ኦሞ ዛሬ ሰዎች የት ይኑሩ፥ በምን ዓይነት ቤት ይኑሩ የሚለው ጉዳይ በሥራ ላይ ያለ ጉዳይ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የኦሞ ኩራዝ የስኳር ልማት ሲጀመር ቦዲዎችንና ሙርሲዎችን በመንደር የማሰባሰብ ሥራ አብሮ መጥቷል። በውኃ ለተፈናቀሉት ዳሰነቾችም አዲስ ቦታና አዲስ ቤት ያስፈልጋል። እንደዚህ ያለ መንደር ሲታቀድ በፕላኑ ላይ መስመሩ ቀጥ ይላል፤ ቤቱ አራት ማዕዘን ይሆናል፤ ሥራው ለተቋራጭ ይሰጣል። በዚህ መካከል አንድ ነገር ሳይታወቅ ይጠፋል። ቤት ሠሪዋ ሴት ከቤት ሠሪነት ወደ ቤት ተቀባይነት ትወርዳለች። ትናንት ደጃፉ ወዴት ይዙር፥ ምድጃው የት ይሁን ብላ የምትቆርጠው እርሷ ነበረች፤ ዛሬ ቁልፍ ይሰጣታል። ክዳኑ ቢያፈስ እንኳ በእጇ ልትጠግነው አትችልም፤ ሠራተኛና ገንዘብ ትጠብቃለች። ይኸ የኑሮ መሻሻል ነው ብሎ ለመናገር የሚችለው ጠይቆ የሰማ ሰው ብቻ ነው።

ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ሐሰን ፈትሒ የተባለው ታላቅ የግብፅ አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የተባለ መንደር ሠራ። በጥንት መቃብሮች ላይ ሰፍረው የነበሩትን ሰዎች መንግሥት ለማንሣት ፈልጎ ነው ያሠራው። ፈትሒ ባዕድ ዕቃ አላመጣም። በአገሩ ጭቃ ጡብ፥ ከኑቢያ ግንበኞች በተማረው የጉልላት አሠራር፥ ውብና ቀዝቃዛ ቤቶች ሠራ። ሆኖም አብዛኞቹ የጉርና ሰዎች ወደዚያ ለመግባት እምቢ አሉ፤ ኑሯቸውና ገቢያቸው ከቀድሞው ቦታ ጋር የተሳሰረ ነበርና። ያለፈውን አሠራር የሚያከብር፥ ሕዝቡን የሚወድ አዋቂ እንኳ እንዲህ ከገጠመው፥ ሳያጠናና ሳይጠይቅ የሚሠራ ሰው ምን ሊገጥመው ነው? የጭቃና የሣር ፍቅር ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን። የአሠራሩ ታሪክ ከሠሪው ኑሮ ተለይቶ አይጠናም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በታላላቅ ቃል ብቻ እንዳንለያይ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፥ እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ አንድ ቤት እንለካ። ሜትርና ደብተር ይበቃል። ወርዱን፥ ቁመቱን፥ የምሰሶውን ብዛት፥ የእንጨቱን ዓይነት በሠሪው ቋንቋ እንጻፍ። የእያንዳንዱ እንጨት ስም ከነምክንያቱ ይመዝገብ፤ ይኸኛው ዛፍ ምስጥ አይበላውም፥ ያኛው በቀላሉ ይጎብጣል የሚለው ዕውቀት በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የለም። ቤቱ ሲሠራ ለመድረስ ከተቻለ ደግሞ እጅግ የተሻለ ነው፤ የቆመውን ቤት ከማየት ሲቆም ማየት ይበልጣልና። ይኸን ከእኛ የተሻለ የሚሠራ የለም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ ቋንቋውን እናውቃለን፥ እናቶቻችንም ሊያስተምሩን ፈቃደኞች ናቸው።

ሁለተኛ፥ የጻፍነውን ይዘን አንቅር። አጥኚ መጥቶ ጠይቆ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚሄድበት አገር ነው የእኛ አገር። ሰዎች የሰጡትን ዕውቀት መልሰው አያዩትም። የእኛ ሥዕልና ልክ አንዱ ቅጂ እዚሁ ጂንካ ባለው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም፥ አንዱ በመንደሩ ትምህርት ቤት ይቀመጥ። የሠሪዋም ስም ፈቃዷ ሆኖ በሥዕሉ ሥር ይጻፍ። የጎንደርን ግንብ ያሠሩትን ነገሥታት ስም እናውቃለን፤ የአብዛኞቹን ግንበኞች ስም ግን አናውቅም። ይኸን ጉድለት በዘመናችን አንድገመው።

ሦስተኛ፥ መምህሮቻችንን በትሕትና እንለምናለን። የሕንፃና የከተማ ታሪክ ሲሰጥ አክሱምና ላሊበላ እንዳሉ ሆነው፥ ቢያንስ አንድ ሳምንት ለዚህ ለአካባቢያችን ይሰጥልን። ቤት ሠሪ እናቶችም መማሪያ ክፍል ድረስ ተጋብዘው እንዲያስተምሩን ይደረግ። መሐንዲስ ሆነን፥ አስተዳዳሪ ሆነን፥ መምህር ሆነን ስንወጣ፥ አዲስ መንደር በሚታቀድበት ጠረጴዛ ዙሪያ ከእኛ አንዳችን መቀመጡ አይቀርም። በዚያን ጊዜ፥ «ቤቱን እስከ ዛሬ ይሠራ የነበረው ማን ነው? እርሷ ተጠይቃለች?» ብሎ የሚያነሣ አንድ ሰው እንኳ ከመካከላችን ከተገኘ፥ የሕንፃ ታሪክ መማራችን ከንቱ አልሆነም።

ባልንጀሮቻችን ሆይ፥ አገራችን አንድ ሐውልት ለማስመለስ ብዙ ዓመት ተከራክራለች፤ ተገቢም ነበር። ያ ሐውልት ግን ቢዘገይም ሊመለስ ቻለ፤ ድንጋይ ይጠብቃልና። የሣርና የእንጨት ቤት አይጠብቅም። የሐመር ቆጥ አሠራር፥ የአሪ ግድግዳ ሥዕል፥ የዳሰነች የሚነሣ ቤት አንድ ትውልድ ከተቋረጠ ከየትም አገር ሙዚየም ልናስመልሰው አንችልም። ዕድሉ ያለው ሠሪዎቹ በሕይወት ሳሉ ነው፤ እነርሱም ዛሬ በሕይወት አሉ።